ለመስቀል የነከርኩት ኩታ

ከተሜ ወቅት በተለወጠ ቁጥር የሚለብሰው ቀለም ይጨንቀዋል ሲባል እሰማለሁ። ለበጋ ይኼ ይሁን፣ ለክረምት ያኛው፣ ለጠዋት ፈዘዝ ያለ፣ ለማምሻ ደመቅ ያለ እያለ ሳጥኑን ሲያገላብጥ ይውላል አሉ። እኛን የዋግ ሰዎች ከዚህ ጣጣ እግዚአብሔር ገላግሎናል። የኛ አገር የልብስ ቀለም ሁለት ብቻ ነው፤ የታጠበና ያልታጠበ። ያልታጠበው ዝናብ ሲገባ ይጀምርና እስከ ጳጉሜ ይለበሳል። የታጠበው ወንዙ ሲጠራ፣ እንዶድ ተወቅጦ፣ አገር ሁሉ ወንዝ ወርዶ ድንጋይ ላይ እየረገጠ ያነጣውና ለመስቀል ይወጣል። ከዚያ ወዲያ አቧራ እስኪያሸንፈው ድረስ ነጭ ነው። ካሸነፈውም በኋላ ቢሆን ባለቤቱ ነጭ ነው ካለ የሚከራከረው የለም።

እንዲህ ስል አገሬን የማማ እንዳይመስላችሁ። ቀለሙ ቢያንስም ወሬው ብዙ ነው። እኛ ዘንድ ነጠላና ኩታ ብርድ ለመከላከል ብቻ አይለበስም። ጥለቱ ወደ እግር ከወረደ ደስታ ነው፤ ወደ አንገት ከወጣ ሐዘን ነው። ደረት ላይ ከተመሳቀለ ሰውየው ሊሳለም እየሄደ ነው። ወገብ ላይ ዞሮ ከታሰረ ወይ ሹም ፊት ሊቆም ነው፣ ወይ ድግስ ሊያሳልፍ ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ፊቱን አይቶ መለየት ነው። የሰቆጣ ሰው ከማዶ ቁልቁለቱን የሚወርድ መንገደኛ ሲያይ አስቀድሞ የሚያየው ኩታውን ነው። መንገደኛው ፊቱ የሚታይበት ቦታ ላይ ሲደርስ የሞተበት ሰው ስም ታውቆ ንፍሮው ተጥዶ ይጠብቀዋል።

እኔ በበኩሌ ፊደል አስቆጣሪ ነኝ። ፊደል ያልቆጠረ ሕዝብ የሰው ልብስ ከተራራ ተራራ ሲያነብ፣ መምህር ተብዬው የራሴን ኩታ ማንበብ አቅቶኝ የሆንኩትን ልንገራችሁ።

ደሴ ተምሬ ወደ ተወለድኩባት ወደ ሰቆጣ በመምህርነት የተመለስኩ ሰሞን ነው። ደሴ አምስት ዓመት መቀመጥ ሰውን ምን እንደሚያደርገው የደረሰበት ያውቀዋል። አገሩ ሲገባ ሁሉ ነገር ያንሰዋል። የእናቱ ቤት በር ያጥረዋል፣ የአብሮ አደጉ ሰላምታ ይረዝምበታል፣ የጠየቁትን ከመመለሱ በፊት አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔም እጠርግ ነበር።

በዚሁ ጉሮሮ በምጠርግበት ወራት ነው የማር ነጋዴውን የአቶ ፈንታን ልጅ፣ የሺን፣ ገበያ ላይ ያየኋት። አባቷ ጥላ ፍለጋ ሄዶ እሷ ማሩ ፊት ተቀምጣለች። ቀረብ ብዬ በደሴኛ ዜማ ማሩ ንጹሕ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ እኔ ንብ አይደለሁም ጌታዬ፣ ቀምሰው ይፍረዱ አለችኝ። ቀመስኩ። ፍርዴን ግን ስለ ማሩ አልሰጠሁም። ምን ያስደብቀኛል፣ ወደድኳት። ከዚያ ገበያ ጀምሮ ብቻዬን የምኖር ሰው የሸመትኩት ማር አንድ ጠጅ ቤት ያቋቁም ነበር።

ሽማግሌ ላክሁ። መሪያቸው የነፍስ አባቴ ቄስ አለሙ ናቸው፤ ነገር የሚያውቁ፣ ከሳቸው ጋር የተከራከረ ሰው ተረትቶ ሳይሆን ደክሞት የሚተው ዓይነት ካህን። አቶ ፈንታ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብሎ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ የሰጣቸው መልስ ግን እንዲህ የሚል ሆነ። ልጅቷ እናቷ ስትሞትባት ያሳደገቻት እኅቱ እመት ዝናሽ ናት። እመት ዝናሽ ሰሃላ ነው ያለችው፤ ለመስቀል ትመጣለች። እሷ አይታ የወደደችውን እሱ አያፈርስም፤ እሷ ያልወደደችውን ደግሞ ንጉሥ ቢልክ አይሰጥም። እንግዲህ የኔ ትዳር ከሰሃላ በእግሯ በምትመጣ አንዲት ሴት ዓይን ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ስለዚህች ዓይን ጠያየቅሁ። የሰማሁት አላስተኛኝም። ከኔ በፊት ሁለት ሰዎች የሺን ጠይቀው ነበር አሉ። አንደኛውን እመት ዝናሽ የጋቢው ጫፍ ቆሽሾ ስላየች ዝርክርክ ነው ብላ መለሰችው። ሁለተኛው ይኼን ሰምቶ እንደ ወረቀት የነጣ ጋቢ ለብሶ መጣ፤ ይኼ ደግሞ ሥራ የማይነካ ሰው ልብስ ነው ብላ መለሰችው። እንግዲህ ፍረዱኝ። የቆሸሸም የነጻም የማያስደስታትን ሴት ምን ለብሼ ልቅረባት?

ያለኝን ልብስ አልጋ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ። አንድ ደሴ የተሰፋ ኮት፤ እሱን ብለብስ የግብር ሰብሳቢ ጸሐፊ እመስላታለሁ። ሁለት ሱሪ፣ አንዱ ጉልበቱ ላይ ጡረታ የወጣ። አንድ ጋቢ፣ ክረምቱን ሙሉ ያገለገለ። እና አንድ ኩታ፣ እናቴ ፈትላ ያሸመነችልኝ፣ ቀጭን ጥለት ያለው። ኩታው ይሻላል። ግን ነጭ ነው። ለመስቀል ደግሞ ሰቆጣ በሙሉ ነጭ ነው። ከበግ መንጋ መካከል አንዷን ነጭ በግ ማን ለይቶ ያያታል?

ይኼን ሳወጣና ሳወርድ ነው የሥራ ባልደረባዬ መምህር ተስፋ የደረሰልኝ። መምህር ተስፋ ሒሳብን በዕውቀት፣ እንግሊዝኛን በድፍረት የሚያስተምር ሰው ነው። ከወልድያ የመጣ ሳሙና የተጠቀለለበትን የፈረንጅ መጽሔት ቅጠል እያቃና እያየ ነበር። ተርጉምልኝ አልኩት። ጉሮሮውን ጠረገና፣ ብልህ ሰው ልብሱን ከወቅቱ ጋር ያስማማል ይላል አለኝ። ልብስ ሁሉ መለወጥ አያስፈልግም፣ ዋናው ከላይ የሚጣለው ሻል ነው፤ መስከረም ላይ ምድር ቢጫ ስትለብስ ሻሉም ቢጫ ይሁን፣ ያኔ የለበሰው ሰው ከተፈጥሮ ጋር አንድ ይሆናል ይላል አለኝ። ያ ቅጠል የተጻፈው ለፈረንጅ ወይዛዝርት እንደነበረና ቢጫ የሚሆነውም እዚያ አገር የሚረግፍ ቅጠል እንጂ አበባ እንዳልሆነ የሰማሁት ዓመት ቆይቶ ነው። መምህር ተስፋ ይኼን አውቆ ደብቆኝ እንደሆነ ወይም እሱም አልገባው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ከተማዋን የከበበው ተራራ ሁሉ አደይ አበባ ነው። እግዚአብሔር ራሱ ለመስቀል ተራራውን ቢጫ ካለበሰ፣ እኔ ኩታዬን ቢጫ ባደርግ ማን ይከለክለኛል? እመት ዝናሽም ይኼን ስታይ ከማየት አልፋ ታደንቀኛለች። ወሰንኩ።

አሁን እናንተ፣ ሰውዬ አገርህ አይደለም ወይ፣ ቢጫ የሚለብስ መነኩሴ መሆኑን አታውቅም ነበር ወይ ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ እንጂ። የዋግ ልጅ ይኼን ከፊደል በፊት ነው የሚያውቀው። ቢጫ የለበሰ ለዓለም የሞተ ነው፤ አያገባም፣ አይነግድም፣ መንገድ ላይ ሲያገኙት ጉልበት ይስማሉ። ዳሩ ግን የመነኩሴ ቢጫ ፈዛዛ ነው፣ አፈር አፈር የሚል። የኔ እንደ አደይ የሚያበራ፣ ከሩቅ የሚጣራ ቢጫ ነው። ጭድና ወርቅ ሁለቱም ቢጫ ስለሆኑ ማን ያምታታቸዋል? እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ራሱን ማሳመን የማይችል መምህር ደግሞ የት አለ?

ከቅመም ሻጮች እርድ ገዝቼ ወደ ቤት አከራዬ ወደ እትዬ ሙሉ ሄድኩና ትልቁን ድስቷን እንድታውሰኝ ለመንኳት። ለምን አለችኝ። ኩታዬን ቢጫ ላደርገው ነው አልኳት። ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቁርጥህን አደረግህ ማለት ነው ስትለኝ፣ አዎ፣ ቆርጫለሁ፣ ለመስቀል ሰው ሁሉ ያየዋል አልኳት። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ጭሱ ነው ብዬ ነበር። ድስቱን ራሷ ጣደች፣ ራሷ አማሰለች፣ ምንም ሳትናገር። ኋላ ላይ ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ብወቅሳት፣ ገዳም ልትገባ መስሎኝ ነው፣ አምላክ የጠራውን ሰው መመለስ ኃጢአት አይደለም ወይ አለችኝ። አንጀቷ እያረረ ነው ለካ ያማሰለችልኝ።

ኩታው ከድስቱ ሲወጣ እውነትም አደይ አበባ ነበር። ደስታዬ የቆየው ለአንድ ሰዓት ነው። ቀለሙ እንዳይለቅ በሳሙና ታጥቦ ይጠንክር አለኝ መምህር ተስፋ፤ ሳይንስ ነው አለ። እርድና ሳሙና ግን ከጥንት የተጣሉ ናቸው። ሳሙናው ሲነካው ኩታዬ እንደ ሸክላ ቀላ። ደንግጬ ወንዝ ወስጄ አለቀለቅሁት። አጥር ላይ ባሰጣው ዝናብ መጣበት። ከዝናቡ በኋላ ፀሐይ ወጣችበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለካ ለቀለምም ይሠራል። በመጨረሻ አጥሩ ላይ ያገኘሁት ቢጫ፣ ዓለም የሰለቸው ቢጫ ነው። አደይ ሊመስል የተነሣው ኩታ ዋሻ ውስጥ ሃያ ዓመት የጾመ መሰለ። ጥለቱም በቀለሙ ተውጦ ጠፋ። መተው ነበረብኝ። ግን ሌላ ኩታ የለኝም፤ ፈዘዝ ያለ ቀለም ይበልጥ ጨዋነት አለው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሽታውን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ አልጫ ወጥ ይሸት ነበር። የደመራ ዕለት ከቤት ስወጣ ሁለት ውሾች እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ በአክብሮት ሸኝተውኛል።

በሩ ላይ እንደ ደንቡ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። እዚህ ላይ መልኬን አስቡልኝ። ጺሜን ሙሽራ የምሆን ዕለት እላጨዋለሁ ብዬ አሳድጌዋለሁ። ራሴ አብስዬ የምበላ ወንደላጤ ነኝና ጉንጬ ገብቷል፤ የወንደላጤ ወጥና የባሕታዊ ጾም ፊት ላይ ልዩነት የላቸውም። በዚያ ላይ የመስቀል ካፊያ መጣል ጀመረና ኩታውን እስከ ግንባሬ ተከናነብኩት። በባዶ እግሬ፣ ቀስ ብዬ፣ እመት ዝናሽ ከየት ልታየኝ ትችላለች እያልኩ ዙሪያዬን እየቃኘሁ ሄድኩ።

የሆነውን ላምን አልቻልኩም። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀልኝ። ወፍራም ባላባቶች ከዛፍ ሥር ተነሥተው ቦታ ሰጡኝ። አንዲት ሴት ዳቦ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ፤ በላሁ። ሌላዋ ቆሎ ጨመረች። የማውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ትክ ብለው አይተውኝ እንደማያውቁኝ አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። አንዳንዱ ሲጎነበስ እኔም በደሴ ወግ አንገቴን ነቅነቅ አደርግለታለሁ። እነሆ ሥልጣኔ በአንድ ቀን ሰቆጣ ገባ አልኩ በልቤ። አንድ ኩታ እንዲህ ካስከበረ፣ በጥምቀት ሰማያዊ ብለብስ ምን ሊሉኝ ነው?

እንዲህ ባለ ሐሳብ ሰማይ ቤት ደርሼ ሳለሁ አንዲት አጠር ያለች ሴት ከሰው መካከል ወጥታ እግሬ ሥር ተደፋች። ጉልበቴን ሳመች። ይባርኩኝ አባቴ፣ ከሰሃላ የመጣሁ ዝናሽ እባላለሁ አለችኝ።

አባቴ ያለችኝ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባኝ። ዳቦው ገባኝ፣ ቆሎው ገባኝ፣ የእትዬ ሙሉ እንባ ሳይቀር ገባኝ። ያን ጊዜ መነኩሴ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። ይኼን ለማለት አፌን ከፍቼም ነበር። ግን ዙሪያዬን አየሁ። ያስነሣኋቸው ባላባቶች አሉ፤ አንገቴን ነቅንቄ የባረክኋቸው አሉ፤ ዳቦውን ያቀረበችው ሴት እጇን አጣምራ ቆማለች፣ ዳቦዋ ሆዴ ውስጥ ነው። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

እመት ዝናሽ አፏን የፈታችው በአገው ቋንቋ በኽምጣንጋ ስለሆነ አማርኛዋ አጭር ነው፤ የሚባክን ቃል የላትም። ጭንቀቷን በጥቂቱ ነገረችኝ። ልጅ አሳድጋለች፤ ከሆዷ ያልወጣች ግን ከሆዷ የገባች ልጅ። ወንድሟ ለአንድ መምህር ሊድራት ይላል። ሰውየውን አላየችውም።

"ደሴ የኖረ ነው አሉ" አለችኝ። "ደሴ የኖረ ደግሞ ልቡ አይገኝም ይላሉ። ልስጥ ወይስ ልከልክል? አንቱ ያሉኝን አደርጋለሁ።"

እስቲ ከእናንተ መካከል ጻድቅ ካለ ይፍረድብኝ። ትዳሬ የተንጠለጠለባት ሴት ተንበርክካ፣ ለዚያ ሰው ልጄን ልስጠው ወይ ብላ የምትጠይቀው ያንኑ ሰው ነው። ዳኛውም፣ ተከሳሹም፣ ምስክሩም እኔ ነኝ። ኩታውን ወደ ግንባሬ ይበልጥ ሳብ አደረግሁና ድምፄን አጎርንኜ፣ ስጪ አልኩ።

በዚህ ባበቃ እንዴት ጥሩ ነበር። ግን መምህር ነኝ፤ መምህር በአንድ ቃል አስተምሮ አያውቅም። ሰውየው ታጋሽ ነው አልኩ። አይሰክርም አልኩ። ደሴ አላበላሸውም፣ እንዲያውም ደሴን እሱ ነው ያሻሻላት ለማለት ጥቂት ነበር የቀረኝ። እመት ዝናሽ ቀና ብላ ያውቁታል ወይ አለችኝ። እንደ ራሴ አውቀዋለሁ አልኳት፤ ያን ቀን የተናገርኩት እውነት እሱ ብቻ ነው። ጉድለት የለውም ወይ አለችኝ። ጉድለት የሌለው ሰው ብል እንዳትጠራጠር ጥቂት አሰብኩና ትሕትና ያበዛል አልኳት።

እፎይ ብላ ተነሣች። ከነጠላዋ ሥር አንዲት ትንሽ ቅል አወጣች። ለወንድሟ ከሰሃላ የተሸከመችው ማር ነው። በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ባልቀበል ትጠራጠራለች ብዬ ተቀበልኩ። ደመራው ሳይለኮስ በጓሮ በር ሾልኬ ወጣሁ። ጥቁር ጫማ የሚያጠልቅ ባሕታዊ ማንም አይቶ ስለማያውቅ ጫማዬን እዚያው ትቼ በባዶ እግሬ ቤቴ ገባሁ፤ በማግሥቱ እትዬ ሙሉ ናት ያመጣችልኝ።

በሦስተኛው ቀን ቄስ አለሙ እየሳቁ መጡ። እሺ ብላለች፣ ባለ ትዳር ሆነሃል አሉኝ። አንድ አባት መክሮኛል ትላለች፤ ለመሆኑ ዘንድሮ ከየትኛው ገዳም የወረደ አባት ነው፣ እኔ ለደመራ ተጋብዤ ገጠር ስለነበርኩ አላየሁም አሉ። የእግዚአብሔር መንገድ ብዙ ነው አልኳቸው። ደስ አለኝ፤ እንደዚያ ዓይነት ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅ። ደስታው ውስጥ ግን አንድ አጥንት ነበረች፣ ወይ አትዋጥ ወይ አትተፋ። ንስሐውን ከሠርጉ በኋላ እገባለሁ ብዬ ቀጠሮ ሰጠኋት።

እመት ዝናሽ ወደ ሰሃላ ከመመለሷ በፊት ሙሽራውን ልየው አለች። ጺሜን ተላጨሁ። ከእትዬ ሙሉ ባል ነጭ ጋቢ ተዋስኩ፤ በጣም ያልነጻ በጣም ያልቆሸሸ። ከሽማግሌዎቹ ጋር የአቶ ፈንታ ቤት ገባሁ። ወንዶቹ በመደብ ላይ፣ እመት ዝናሽ በመካከል፣ የሺ ከመጋረጃው ጀርባ። እንደ ልጅ ወጉ ጎንበስ ብዬ የእመት ዝናሽን ጉልበት ሳምኩ።

ስጎነበስ ጋቢው ከአንገቴ ሸርተት አለ። ይኼ እርድ የሚባል ነገር ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ ያኔ ተማርኩ። ከኩታዬ ላይ ለመልቀቅ ማንንም አላስፈቀደም፤ በካፊያው ወርዶ ከያዘው ከአንገቴና ከጆሮዬ ጀርባ ግን ሦስት ቀን ብፈትገው አልለቅም ብሎ ነበር። እመት ዝናሽ አንገቴን አየች። እጄን ያዘች፣ ገለበጠችው፣ ጥፍሮቼን አየች። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

"እስቲ ስጪ በለኝ" አለችኝ።

ጉሮሮዬን እንኳ አልጠረግሁም።

እጄን ቀስ ብላ መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። አልተቆጣችም። የደመራ ዕለት የነበረውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለሽማግሌዎቹ ነገረቻቸው። ትሕትናዬንም አልዘለለችም። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"መነኩሴ ከሆኑ ሚስት አያገቡም" አለች። "መነኩሴ ካልሆንክ ደግሞ ስጪ ያለኝ ሌባ ነው። ለየትኛው ልስጥ?"

ቄስ አለሙ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ሲረቱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ፤ እኔ በሁለቱም ሄድኩ። ከመጋረጃው ጀርባ የሺ ሳቀች። ልትይዘው ሞክራ አምልጧት የሳቀችው ሳቅ ነው። ደስ የሚል ሳቅ ነበር፤ እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያመኛል። ተነሥቼ እጅ ነሥቼ ስወጣ፣ ማሩን እመልሳለሁ ብል እመት ዝናሽ አይሆንም አለች። የሰጠሁት ለእግዚአብሔር ነው፣ ከሱ ጋር የምትተሳሰበው አንተ ነህ አለችኝ።

መንገድ ላይ ቄስ አለሙ አብረውኝ ሄዱ። ኋላ፣ ልጄ፣ ልንገርህ አልንገርህ እያልኩ ነው አሉኝ። እመት ዝናሽ ከሰሃላ የመጣችው ድሮውንም ልትሰጥህ ኖሯል። ክረምቱን ፈትላ ያሸመነችው አዲስ ነጭ ኩታ አለ፤ ለሙሽራው ብላ በአገልግል ይዛ ነው የመጣችው። ልቧ እንዲያርፍ አንድ ሰው አይዞሽ እንዲላት ብቻ ነበር የፈለገችው። የትኛውም ባልቴት፣ የትኛውም መንገደኛ አይዞሽ ቢላት ይበቃት ነበር። ይኼን ሲነግሩኝ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቄስ አለሙም አጠገቤ ተቀመጡ።

ያን ኩታ በዓመቱ አንድ የጨው ነጋዴ ለበሰው። ሠርጉ ላይ አይቼዋለሁ፤ ነጭ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ ያምርበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ቤት ሽማግሌ ልኬአለሁ። ሦስቱም ቤት የሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ልጁ መልካም ነው፣ ነገር ግን ቢጫ ለብሶ በሕዝብ ፊት የባረከ ሰው ነው፣ ካወለቀው ቆብ የጣለ ነውና እርግማን ቤታችን እንዳይገባ መጀመሪያ ካህን ቀኖና ሰጥቶ ይፍታው። እውነታቸውን ነው ብዬ ቄስ አለሙ ዘንድ ሄድኩና የሚሰጡኝን ቀኖና ሁሉ እፈጽማለሁ፣ ቢሻዎ ዓመት ያስጹሙኝ፣ ብቻ ከምንኩስናው ይፍቱኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ቄስ አለሙ በጣም አሰቡ። ስለ ውሸቱ አርባ ቀን ስገድ አሉኝ፤ ሰገድኩ። ስለ ምንኩስናው ግን እጃቸውን ዘረጉ።

"የገባ ሰው ልውጣ ቢል በሩን አሳየዋለሁ" አሉኝ። "አንተ ግን ልጄ፣ ሳትገባ በየት በኩል ላስወጣህ?"